ላጋ ዲማ፣ የዓባይ ገባር

ያ ሽንት ቤት እኔ ከምኖርበት ቤት ይሻል ነበር። ሳንቃው ከጭልሞ ደን በጭነት መኪና የመጣ ጽድ፣ ጣሪያው ያልዛገ ቆርቆሮ፣ በሮቹ ሁለት፤ አንዱ ላይ «ወንድ» ሌላው ላይ «ሴት» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የእኔ ቤት ግድግዳ ግን ተሰንጥቆ ስለነበር ቀዳዳውን በአሮጌ የአፍሪካ ካርታ ደፍኜው ነበር። ዛሬም የጽድ እንጨት ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ሁሉ የሚወደውን ሽታ እኔ ለምን እንደጠላሁት ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ጉደርን አለፍ እንዳሉ አንዲት መንደር አለች፤ አውቶቡስ የሚያወርደው ሰው ከሌለ አይቆምባትም። ስሟን አልጠራም፤ አሁንም ሰው ይኖርባታል። እኔ ዓብዲሳ እባላለሁ፣ የባኮ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ እዚያ ተመደብኩና አምስተኛ ክፍልን ጂኦግራፊ ማስተማር ጀመርኩ። ቆላ ያደገ ሰው የዚያን ደጋ ብርድ አይችለውም ብለውኝ ነበር። ብርዱን ቻልኩት፤ ያልቻልኩት ሌላውን ነው።

ዳይሬክተራችን ገብረአማኑኤል ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ልከላከልለት አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ሰው ሲታመም ይጠይቃል፣ ልቅሶ ይደርሳል፣ ደብተር የሌለው ልጅ ሲያይ ከኪሱ አውጥቶ ይገዛል። ሪፖርት የሚባል ነገር እጁ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከላይ አንድ ቅጽ ከመጣ ያን ቅጽ ሳይሞላ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሲሞላውም ባዶ ቦታ መተው አይወድም።

በዚያ ዓመት የመጣው ቅጽ የሞዴል ትምህርት ቤት ውድድር ቅጽ ነበር። አንዱ ጥያቄ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ ይላል፤ ካለ ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው ይላል። እኛ ደግሞ አልነበረንም። ልጆቹ ከግቢው ጀርባ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገቡ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። ሳንቃ ተጠየቀ፣ ቆርቆሮ ተጠየቀ፣ ሁለቱም መጣ። ጉድጓዱ ግን እምቢ አለ። በሦስት ቦታ ቆፈርን፤ ሦስቱም ከጉልበት ሳያልፉ ጥቁር ቋጥኝ ላይ ደረሱ። ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀረው።

በግቢያችን ጥግ አንዲት ወንዝ ታልፋለች፤ ላጋ ዲማ ይሏታል፣ በኦሮምኛ ቀይ ወንዝ ማለት ነው። ክረምት አፈር ስታወርድ ትቀላለች እንጂ በበጋ ልጅ የሚዘላት ናት። ገብረአማኑኤል ዳሯ ላይ ቆሞ ካሰበ ካሰበ በኋላ «ምሰሶውን ከወዲህና ከወዲያ ማዶ ብንተክለውስ? ውሃው ራሱ ይወስደዋል። መጥረግ የለ፣ መቅበር የለ» አለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ማታ ቅጹን ስሞላ ጥልቀቱ የሚለው ጋ «አምስት ሜትር» ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ለዚህ ነው ጸሐፊ ያደረጉኝ።

ከትምህርት ቤታችን በታች፣ ላጋ ዲማ ታጥፋ በምትሄድበት መስክ ላይ፣ ስልሳ ያህል ጎጆዎች በመስመር ተደርድረዋል። ሰዎቹ ድሮ ኮረብታው ላይ ተበታትነው ሲኖሩ የራሳቸው ምንጭ ነበራቸው። በመንደር ምሥረታው ጊዜ ቤታችሁን ነቅላችሁ ውረዱ ተባሉና ወረዱ፤ ምንጩን ነቅሎ መውረድ ግን አልተቻለም። እዚያ ለመድረስ አሁን ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ከእኛ በላይ ያለው ወንዝ ዳር ደግሞ የአምራቾች ማኅበር እርሻ ነው፣ ታጥሯል። ስለዚህ የሚቀዱት ከላጋ ዲማ ነው፤ ከሽንት ቤታችን ሰማንያ እርምጃ ዝቅ ብለው። እኔ የምኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ የእኔን ውሃ የግቢው ዘበኛ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከሽንት ቤቱ በላይ ቀድቶ ያመጣልኝ ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር ደስ ባለኝ።

ጥር ሲገባ የዓለም ታላላቅ ወንዞች የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስን። የመጽሐፉ ካርታ የእጅ መዳፍ ታክላለች፣ ለስድስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ጆንያ ተርትሬ፣ አጥቤ፣ ግድግዳ ላይ ወጥሬ ዓለምን ሣልኩበት። ወንዞቹን በሰማያዊ ቀለም አሰመርኩ። እውነቱን ለመናገር ካርታው አምሮ ነበር። ልጆቹ ጠጋ ብለው አማዞንን በጣታቸው እየተከተሉ «ይቺን ማን ይዘላታል?» ይባባላሉ። የሚያውቁት ወንዝ ሁሉ የሚዘለል ነው፤ ማዶው የማይታይ ወንዝ አለ ስላቸው እያሾፍኩ መሰላቸው።

ገብረአማኑኤል መጥቶ ካርታውን አየና «ቮልጋን አስቀድም» አለኝ።

«ቅደም ተከተሉ በርዝመት ነው፤ ቮልጋ ወደ ታች ነው የሚመጣው።»

«ርዝመቱን ማን ሄዶ ለካው? ወዳጅ አገር ነው፣ አስቀድም። ሚሲሲፒን ደግሞ ቀጠን አድርጋት።»

ቮልጋን አስቀደምኩ። ሚሲሲፒን አላቀጠንኩም፣ ሰማያዊው ቀለም አልቆብኝ ነበርና ድሮውንም ቀጭን ናት። እንዲህ ባለ ነገር ያን ጊዜ እስቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ልጆቹ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፣ ትምህርቱ በአማርኛ። ስለዚህ ሁሉንም ወንዝ በአንድ ዜማ አስያዝኳቸው፤ እንዲህ ካልሆነ አይያዝላቸውም። ከዚህ ይነሣል፣ ይህን ያቋርጣል፣ እዚህ ይገባል። «ዓባይ ከጣና ይነሣል፣ ሱዳንንና ግብፅን ያቋርጣል፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል!» ሲሉ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ገባር ምን እንደሆነ አስተማርኩ። ትንሹ ወንዝ ወደ ትልቁ ይገባል፣ የያዘውንም ሁሉ ይዞ ይገባል።

«የያዘውን ሁሉ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ድንቅቱ ጉታ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ፣ ከታችኛው መንደር የምትመጣ ቀጭን ልጅ። ስትጠይቅ መልሱን ሳታገኝ አትቀመጥም።

«ሁሉንም» አልኳት። «አፈሩን፣ ቅጠሉን፣ እንጨቱን።»

«የእኛንስ ቲቸር?»

«የእናንተን ምን?»

በአገጯ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። በመስኮቱ የሚታየው ያ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እናቴ ከዚያ በታች ነው የምትቀዳው። ወንድሜን ጉዩን ተቅማጥ ይዞታል። ጤና ረዳቱ ውሃ አፍሉ አለ፤ እንጨት የለንም። ከእኛ የሚሄደው ወደዚያ ከሆነ፣ ቲቸር፣ እንዴት ነው?»

ጉዩ ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ልጅቱ የጠየቀችኝ በሙሉ ልቧ ነው፤ ጂኦግራፊን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ መፍትሔውን የማውቀው መሰላት። እኔም «ተቀመጪ፣ ዛሬ ስለ ኮንጎ ነው የምንማረው» አልኳት። አስተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል። ደመወዝም ይቀበላል።

በዕረፍት ሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ቅጾቹን በመስመሪያ እያሰመረ ነበር። «አቶ ገብረአማኑኤል፣ የታችኛው መንደር ሰዎች ያን ውሃ ይጠጡታል። ሕፃናት እየታመሙ ነው። ቢያንስ በግቢው አልፈው ከላይ ይቅዱ» አልኩት።

«ዓብዲሳ፣ ሞዴል ትምህርት ቤት የእንስራ መተላለፊያ ነው እንዴ? ኢንስፔክተሩ በመጣ ቀን ስልሳ ሴት በግቢው ስትተላለፍ ቢያይ ምን ይላል?»

«እንግዲያው ሽንት ቤቱን ከውሃው ላይ እናንሣው።»

መስመሪያውን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። «አምስት ሜትር ጥልቀት ያለው መጸዳጃ ቤት እንዴት ነው ከውሃ ላይ የሚነሣው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም። ፋይሉን ከፍቶ ጽሕፈቴን አሳየኝ። «የጻፍከው አንተ ነህ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዝም አይነቅዝም፤ ውድድሩ ይለፍና እናየዋለን። ያቺን ልጅ ደግሞ በዚያን ቀን እንዳትናገር አድርግ።»

የድንቅቱ ጥያቄ ከክፍል ወጥቶ እሱ ጋ ለመድረስ አንድ ዕረፍት እንኳ አልፈጀበትም። ከቢሮው ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ። ከዚያ ያለኝን አደረግሁ።

በመምህራን ዘንድ አንዲት ዘዴ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ልጆች ሁሉ ለሁሉም ጥያቄ እጃቸውን ያወጣሉ፤ የሚያውቀው መዳፉን ይዘረጋል፣ የማያውቀው ይጨብጣል። አስተማሪው የተዘረጋውን ብቻ ይጠራል። እንግዳው ግን የሚያየው የእጅ ደን ነው፣ ሁሉም አዋቂ ይመስለዋል። ሳምንቱን ሙሉ ከዓለም ወንዞች ይልቅ ይህን ተለማመድን። ስልሳ ሁለት ልጅ ሲዘረጋና ሲጨብጥ እያየሁ ይህ ነው እንግዲህ የማስተምራቸው እያልኩ ራሴን እጸየፍ ነበር፤ ልምምዱን ግን አላቋረጥኩም።

ድንቅቱን ለብቻዋ ጠራኋት። «በዚያን ቀን ለማንኛውም ጥያቄ ጨብጪ» አልኳት።

«ባውቀውም?»

«ብታውቂውም።»

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ደብተሯን አንሥታ ሄደች።

ኢንስፔክተሩ ጓድ ቀንዓ ማክሰኞ ጠዋት በላንድሮቨር መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ደስ የሚል ፊት ያለው ሰው ነው። የኋላ ዴስክ ላይ ቅጹን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ገብረአማኑኤል አጠገቡ ቆመ። እኔ ጀመርኩ። ቮልጋ ከየት ይነሣል? የእጅ ደን። ከተዘረጉት አንዱን ጠራሁ፣ መለሰ። አማዞን የት ይገባል? የእጅ ደን። አንዷን ጠራሁ፣ መለሰች። ገብረአማኑኤል በዝግታ ራሱን ይነቀንቃል። ድንቅቱ መሐል ላይ ተቀምጣ እጇን ጨብጣ አውጥታለች፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች እስኪነጡ ጨብጣለች።

ጓድ ቀንዓ ተነሣ። «እኔም አንድ ሁለት ልጠይቅ» አለና በዴስኮቹ መካከል መሄድ ጀመረ። ሲሄድ የሚያየው ፊታቸውን አይደለም፣ እጃቸውን ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ወደ እኔ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም አስተማሪ ነበር፤ እሱም አስጨብጦ ያውቃል።

«ዳኑብ የት ይገባል?» አለና የጨበጠ ልጅ ነካ። ልጁ ተነሥቶ አላቀረቀረም፣ አላለቀሰም፤ «እኔ የጨበጥኩ ነኝ» አለ። ጓድ ቀንዓ ከልቡ ሳቀ። ገብረአማኑኤልም መሳቅ አለበት ብሎ ስላሰበ ሳቀ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ድንቅቱ ዴስክ አጠገብ ደረሰ።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ የጨበጥሽ ነሽ?»

«አዎ።»

«የዓባይ ገባር ከሆኑት ወንዞች አንዱን ንገሪኝ። አንድ ብቻ።»

ድንቅቱ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ካርታው አየሁ።

«ላጋ ዲማ» አለች።

«ላጋ ዲማ? እሱን አልሰማሁትም። የት ነው ያለው?»

ልጅቱ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ ባስያዝኳት ዜማ፣ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ አወረደችው። «ላጋ ዲማ ከማኅበሩ እርሻ በላይ ይነሣል። በሽንት ቤታችን ሥር ያልፋል። የእኛን መንደር ያቋርጣል፤ እናቴ ትቀዳዋለች፣ ወንድሜ ይጠጣዋል። ከዚያ ጉደር ይገባል። ጉደር ዓባይ ይገባል። ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን ያቋርጣል፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል።»

ማንም አልሳቀም። ጓድ ቀንዓ በመስኮቱ ቆርቆሮውን አየ፣ ከዚያ ገብረአማኑኤልን አየ፣ ከዚያ እኔን። «እውነት ነው መምህር?» አለኝ።

ይህ ነበር ሰዓቱ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አዎ፣ ጉድጓድ የለውም፣ የጻፍኩት ውሸት ነው ማለት። ምን እንደማጣ አስቤ እንኳ አልነበረም። የገብረአማኑኤል ፊት አመድ መስሎ ሳየው አፌ ራሱ ተናገረ።

«በጂኦግራፊ በኩል ትክክል ናት» አልኩ።

እንዲህ ያለ መልስ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም፣ ለማንም አይጠቅምም። እስካሁን ሳስታውሰው ምላሴን ነቅዬ ብጥለው እወዳለሁ።

ጓድ ቀንዓ እጁን አጨበጨበ። «ይኼ ነው! ይኼ ነው ትምህርትን ከአካባቢ ጋር ማያያዝ ማለት! ዓባይን እስከ ገዛ መንደሯ ድረስ አወረደችው! ንድፈ ሐሳብና ተግባር ሲዋሃዱ እንዲህ ነው!» ብሎ ቅጹ ላይ ረጅም ነገር ጻፈ። ድንቅቱ እንደቆመች እጁን እየተከተለች የሚጽፈውን ታይ ነበር። «ስምሽ ማነው?» አላት። ነገረችው፤ እሱንም ጻፈው። ገብረአማኑኤል በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ።

ከክፍል ሲወጣ ጓድ ቀንዓ ሽንት ቤቱን ሊያይ ሄደ። ገባ፤ ቆየ። ወጣና ቀበቶውን እያስተካከለ «ጥሩ ሳንቃ ነው። ሽታም የለው። ውሃውም ከሥር ሲሰማ ያረጋጋል» አለ። ጥልቀቱን አልጠየቀም። ቅጹ ላይ ተጽፏል፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሳንቃው የሚሸተው እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ነው፤ ሽታውስ ምን ያደርጋል፣ ሰማንያ እርምጃ ወርዷል።

ዓርብ ዕለት አንደኛ መውጣታችን ተሰማ። ቅዳሜ በሬ ታረደ። የምስክር ወረቀቱ ሰልፍ ላይ ተነበበ፤ ለእኔም አንድ ደረሰኝ፣ «አርአያነት ላለው የማስተማር ዘዴ» ይላል። ድንቅቱ አራት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ተሸለመች። ተቀብላ እጅ ነሥታ ስትመለስ እኔ ጋ ቆም አለች።

«መቼ ነው የሚፈርሰው ቲቸር?»

«ምኑ?» አልኳት። ምኑ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሽንት ቤቱ። እሳቸው ጽፈውታል እኮ። ሲጽፉት አይቻለሁ።»

የተጻፈ ነገር ይፈጸማል ብላ ታምናለች። ይህን እምነት የሰጠናት እኛ ነን፤ ጻፉ፣ አንብቡ፣ ከተጻፈ እውነት ነው እያልን። «በቅርቡ» አልኳት። ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ መቼም አልረሳውም፤ ከዚያ ፈገግታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድግሱ ሲጀመር እናቷ ወይዘሮ ባየሽ ከአጥሩ ውጪ ቆማ አስጠራችኝ። ሕፃኑን አዝላለች። ጉዩ ጭንቅላቱ ብቻ ትልቅ ሆኖ አንገቱ ሰልሏል፤ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንኳ አይንቀሳቀስም። በኦሮምኛ ነው የተነጋገርነው። «ባርሲሳ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «ልጄ ይፈርሳል ተብሎ ተጻፈ አለችኝ። ለኛ ብለው ስለተናገሩ እግዜር ይስጥዎ።»

ምንም አልተናገርኩም ልበላት? እንዴት ብዬ ልናገር? «አሜን» አልኩ።

«እስከዚያው አይጨነቁ» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና። «መላ አበጅተናል። እሑድ ተማሪ የለም፤ ቅዳሜ ማታ ውሃው ሲፈስ አድሮ ይጠራል። እሑድ ማለዳ የሳምንቱን እንቀዳለን። የትልልቁን ሰው የትም ቢሆን ይሁን። ጉዩ የሚጠጣው የእሑዱን ብቻ ነው። ካለፈው እሑድ ወዲህ ትንሽ ሻል ብሎታል።»

ይህንን ብላኝ ሄደች። ሞዴል ትምህርት ቤት ባለበት አገር ሰው ንጹሕ ውሃ የሚያገኘው ትምህርት በሌለበት ቀን ነው። ይህን እያሰብኩ ወደ ድግሱ ተመለስኩ፤ ማንንም ላለማናገር ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ገብረአማኑኤል ራሱ ከሻኛው ቆርጦ አመጣልኝ። «ብላ እንጂ፣ ያንተም ድል ነው» አለኝ። ማንኛውም ሰው አስጠልቶኝ ነበር፣ ሥጋውም አስጠልቶኝ ነበር። በላሁ። በሚጥሚጣ እያጠቀስኩ፣ ደግሜ በላሁ። ሰው ራሱን ሲንቅ የሚያስቆመው የለም።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሆዴ ቀሰቀሰኝ። ላብ አጥለቀለቀኝ፤ አንጀቴ ተቆረጠ። እንደምንም ሰማዩ እስኪገልጥ ታገሥኩና ከዚያ በላይ አልቻልኩም። በር ከፍቼ ወጣሁ። ሜዳው ሰፊ ነበር። ከግቢው ባሻገር ያለው የማኅበሩ እርሻ ታጭዶ ባዶ ቆሟል፤ ሮጬ አጥሩ ሥር መድረስ እችል ነበር። መንገዱ ግን በሰው ተሞልቷል። የጥር ሠርገኛ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ከሁለቱም አቅጣጫ ይመጣል። ግማሾቹ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች ናቸው። ትናንት በምስክር ወረቀት የተጨበጨበለት መምህር ዛሬ በገላጣ ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሊያዩት ነው።

ጽዱ በር ሃያ እርምጃ ላይ ነበር።

ባየሽ ያለችኝን አስታውሻለሁ። ረሳሁት ብል ውሸት ነው። እሑድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚጠጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙን አውቃለሁ፤ ውሃው ከእኛ ተነሥቶ እነሱ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት እንኳ አውቃለሁ፣ ወንዝ የማስተምረው እኔ ነኝና። በአንድ በኩል ይህ ሁሉ ነበር፤ በሌላ በኩል ነጠላ የለበሱ ሰዎች ዓይን። ከሰዎቹ ዓይን አፈርኩ። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

ስወጣ ፀሐይ ወጥታለች። በሩን ስስበው ማጠፊያው ጮኸ፤ አዲስ ስለሆነ ዘይት አልጠጣም። ያን ድምፅ ሰምታ ከታች፣ ከወንዙ እጥፋት ላይ፣ አንዲት ልጅ ቀና አለች። ድንቅቱ ናት። ቢጫ ጀሪካኗን ሞልታ ክዳኑን እየገጠመች ነበር። አጠገቧ አንድ እንስራና ሁለት ቅል ተሞልተው ተደርድረዋል።

አየችኝ። ከየት እንደወጣሁ አየች። እንደ ተማረችው ጎንበስ ብላ «አከም ቡልተን፣ ቲቸር» አለችኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ቀበቶዬን ማስተካከል ያዝኩ።

ድንቅቱ የጀሪካኑን ክዳን ፈታችና ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። እንስራውንም ደፋችው፤ ሁለቱንም ቅሎች ደፋቻቸው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ወደ እኔም ዳግመኛ አላየችም። ዕቃዎቿን ወደ ዳር አስጠጋችና ውሃው እስኪያልፍ ልትጠብቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።